ምዕራፍ 7፦ የራስ ገበያ፣ የራስ ቁና

አዲስ ገበያ ሲተከል የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ጤፍ የጫነ ገበሬ ገዢ መኖሩን ሳያውቅ አህያውን አይነዳም፤ ገዢውም እህል መውጣቱን ሳይሰማ ከቤቱ አይነሳም። ሁለቱም የለመዱት አሮጌ ገበያ አለ። ይርቃል፤ ግን ማን እንደሚመጣና ምን እንደሚሸጥ ይታወቃል። አዲሱ ገበያ የሚቆመው ጥቂት ሰዎች ጥቅሙ ገና ሳይታያቸው በተቀጠረው ቀን፣ ሳምንት በሳምንት፣ ሳያቋርጡ ሲገኙ ነው። ቆሞም ቢሆን አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ሁሉም የሚያምነው ቁና። መስፈሪያው ካልታመነ ሻጩም ገዢውም ወደ አሮጌው ይመለሳሉ።

የጥናት ጆርናልም የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው። ስመ ጥር ተመራማሪ ጽሑፉን ለማይታወቅ ጆርናል አይሰጥም፤ ጆርናሉ ደግሞ ጥሩ ጽሑፍ ካላወጣ አይታወቅም። ገንዘብና ማተሚያ ቤት ብቻቸውን ይህን አዙሪት አይሰብሩትም። በምዕራፍ 6 የአቻ ግምገማን፣ ማለትም አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሌሎች የዘርፉ ባለሙያዎች የሚመረመርበትን ሥርዓት አይተናል። እዚያ ያየነው ጽሑፍ እንዴት እንደሚሰፈር ነበር። አሁን ደግሞ መስፈሪያው ራሱ ከየት እንደሚመጣ እናያለን። የምንከተለው የሥራ ፈጠራ ጥናትን ነው፤ በተለይም በ1985 የተጀመረውን «ጆርናል ኦፍ ቢዝነስ ቬንቸሪንግ»ን። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርን በእህል ቁና

ሰው ተነሥቶ ድርጅት የሚያቋቁመው ለምንድን ነው? ከሚቋቋሙትስ የትኞቹ ይዘልቃሉ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በምዕራፍ 4 እንዳየነው ጆሴፍ ሹምፔተር ገና በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሥራ ፈጣሪውን የኢኮኖሚ ለውጥ አንቀሳቃሽ አድርገው አስቀምጠውት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ኢኮኖሚክስ ወደ ሒሳብ አዘነበለ። በቀመሩ ውስጥ ድርጅቶች ቀድሞውኑ አሉ፤ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ድርጅቱን ከባዶ ያስነሣው ሰው ግን ቦታ የለውም። ዊልያም ባውሞል በ1968 «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» በተባለው ጆርናል ላይ ሥራ ፈጣሪው ከኢኮኖሚክስ ጽንሰ ሐሳብ መጥፋቱን በግልጽ ጻፉ። ያን ጊዜ ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎች አልጠፉም፤ ተበታትነው ነበር። አንዱ በሥነ ልቦና፣ ሌላው በታሪክ፣ ሌላው በአስተዳደር ትምህርት ክፍል ተቀምጦ ለየራሱ ጆርናል ይጽፋል። አንዱ የሌላውን አያነብም።

መበታተኑ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት አንድ ጽሑፍ እንከተል። አንድ ተመራማሪ ከተቋቋሙ ዓመት ያልሞላቸውን ስድሳ ድርጅቶች አጠና እንበል። ጽሑፉን ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ለሚያትም ታዋቂ ጆርናል ይልካል። ገምጋሚው ዕድሜውን በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎችን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። የአሥር ዓመት የሒሳብ መግለጫ ይጠይቃል፤ አዲሶቹ ድርጅቶች የላቸውም። የናሙናውን ማነስ ይነቅፋል፤ ተመራማሪው ግን እነዚያን ስድሳዎቹን ያገኘው በር እያንኳኳ ነው። ከሁሉ የከበደው ችግር ደግሞ ለገምጋሚው ጨርሶ አይታየውም። አዲስ ድርጅት ሲሞት ዱካ አይተውም። ስለዚህ የሚጠኑት በአመዛኙ የተረፉት ናቸው፤ ከተረፉት ብቻ ተነሥቶ ስለ ስኬት መናገር አደገኛ ነው። የዘርፉን ሰው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነበር፤ ገምጋሚው ግን ስለ ሒሳብ መግለጫ ጠይቆ ጽሑፉን መለሰው። ገምጋሚው ሰነፍ ወይም ክፉ አልነበረም። ማርን በእህል ቁና መስፈሩ ነው ችግሩ።

ሐርቫርድ ላይ የቆመው የመጀመሪያው ገበያ

የራስ ጆርናል የማቋቋም ሙከራ ከ1985 በፊትም ነበር። በ1947 ማይልስ ሜስ የተባሉ መምህር በሐርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ስለ አዲስ ድርጅት አመራር ኮርስ ከፈቱ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ከጦርነቱ የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቁ አርተር ኮል በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሥራ ፈጠራ ታሪክ የጥናት ማዕከል አቋቋሙ። ሹምፔተርም ከማዕከሉ ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1949 ማዕከሉ «ኤክስፕሎሬሽንስ ኢን ኢንተርፕረነሪያል ሂስትሪ» የተባለ ጆርናል ማውጣት ጀመረ።

ጅምሩ ያማረ ነበር። ትልቅ ስም ነበረው፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነበረው፣ ገንዘብም ነበረው። ግን ሹምፔተር በ1950 መጀመሪያ አረፉ፤ ማዕከሉ በ1958 ተዘጋ፤ ጆርናሉም አብሮት ተቋረጠ። በ1960ዎቹ እንደገና ሲነሣ ያነሡት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ቁጥርና ስሌትን ወደ ታሪክ ያመጡ የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚዎች ነበሩ። በ1969 ስሙ ተለውጦ «ኤክስፕሎሬሽንስ ኢን ኢኮኖሚክ ሂስትሪ» ሆነ። ዛሬም አለ፤ የተከበረም ነው፤ ከርእሱ ግን ሥራ ፈጠራ ወጥቷል።

እኔ ይህን ታሪክ እንደ ውድቀት አላየውም። የሐርቫርዱ ጆርናል የተቋረጠው በጽሑፎቹ ድክመት አልነበረም። በአንድ ማዕከል ላይ ብቻ በመቆሙ ነው። ከማዕከሉ ውጭ በየዩኒቨርሲቲው ተቀምጦ በየዓመቱ አዲስ ጽሑፍ የሚያመጣ፣ የሌላውን የሚገመግም፣ ተማሪዎቹን በዚያው መንገድ የሚያሠለጥን ሕዝብ አልነበረም።

ከጆርናሉ በፊት ሰው

በቀጣዮቹ ዓመታት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ተሰበሰበ። በ1974 በካርል ቬስፐር አነሳሽነት በአሜሪካ የአስተዳደር ምሁራን ማኅበር ውስጥ ሥራ ፈጠራን የሚያጠኑ ሰዎች ትንሽ ቡድን ተቋቋመ። በ1976 «አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ስሞል ቢዝነስ» መታተም ጀመረ። በ1981 ከቦስተን አጠገብ ባለው ባብሰን ኮሌጅ ዓመታዊ የጥናት ጉባኤ ተከፈተ። ወደ ጉባኤው የሚመጣው ሰው ያላለቀ ጽሑፉን ይዞ ነው። ያነባል፣ ይጠየቃል፣ ተነቅፎ ይመለሳል፣ በዓመቱ ደግሞ አሻሽሎ ይመጣል። የማይተዋወቁ ሰዎች በዚህ መንገድ የአንዱ ጥያቄ የሌላውም መሆኑን አወቁ።

ከውጭ የገፋ ነገርም ነበር። በ1979 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪው ዴቪድ በርች በአሜሪካ አዳዲስ የሥራ ቦታዎችን በብዛት የሚፈጥሩት ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው የሚል ዘገባ አወጡ። ሃያና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከአዳዲሶቹ ሥራዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይፈጥራሉ አሉ። በኋላ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች አቆጣጠሩን አጥብቀው ነቅፈውታል፤ ክርክሩም ረጅም ነው። ይሁንና ዘገባው በወጣበት ጊዜ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሠራተኛ እየቀነሱ ነበርና ፖለቲከኛውም ዩኒቨርሲቲውም ጆሮውን ሰጠ። እስከዚያ ድረስ ዳር የነበረው ጥናት ፈላጊ አገኘ። አምጪና ፈላጊ በአንድ ዘመን ሲገናኙ ጆርናል ለማቋቋም ጊዜው ደረሰ ማለት ነው።

1985

የ«ጆርናል ኦፍ ቢዝነስ ቬንቸሪንግ» መሥራች አርታኢ ኢያን ማክሚላን ናቸው። በትውልድ ደቡብ አፍሪካዊ፣ በመጀመሪያ ሙያቸው የኬሚካል መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ በኋላ ወደ ፔንስልቬንያው ዋርተን ትምህርት ቤት ተዛውረዋል። ጆርናሉ በኤልሰቪየር አሳታሚነት ወጣ።

በመጀመሪያው ቅጽ ከወጡት ጽሑፎች አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ማክሚላንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ወደ መቶ ለሚሆኑ ቬንቸር ካፒታሊስቶች መጠይቅ ሰጡ። ቬንቸር ካፒታሊስት ማለት ገና ባልተፈተነ ድርጅት ላይ ገንዘብ አውሎ የባለቤትነት ድርሻ የሚወስድ ባለሀብት ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ አንድ ጀማሪ ድርጅት ገንዘብ ፈልጎ ሲመጣ ከምርቱ፣ ከገበያው፣ ከትርፍ ግምቱና ከሰውዬው የቱን አብልጣችሁ ታያላችሁ? መልሱ ወደ ሰውዬው አደላ። እጅግ አስፈላጊ ከተባሉት አሥር መመዘኛዎች አምስቱ የመሥራቹን ልምድ ወይም ጠባይ የሚመለከቱ ሆነው ተገኙ። ጸሐፊዎቹ ነገሩን በፈረስ ውድድር መሰሉት፤ ገንዘቡ የሚወራረደው በፈረሱ ላይ ሳይሆን በጋላቢው ላይ ነው አሉ።

ውጤቱ ደስ የሚል ነው፤ ለጆርናሉ ዕድገት የበለጠ ያገለገለው ግን ቀጥሎ የመጣው ይመስለኛል። ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፉን አንብበው አንድ ጥርጣሬ አነሡ። ባለሀብቶቹ ሰውዬውን እናያለን አሉ፤ ግን በእርግጥ የሚወስኑት እንደሚሉት ነው? በ1998 እዚያው ጆርናል ላይ አንድሩ ዛካራኪስና ዴል ማየር ይህንኑ ፈተኑ። መጠየቁን ትተው የተለያዩ የድርጅት መግለጫዎችን ለባለሀብቶች ሰጥተው አስወሰኗቸው፤ ከውሳኔዎቹም ሚዛን የደፋው መረጃ የትኛው እንደሆነ በስሌት አወጡ። ባለሀብቶቹ በዚህ ወሰንን የሚሉትና በእርግጥ የወሰኑበት አልገጠመም። የሚቀርብላቸው መረጃ ሲበዛ ደግሞ የራሳቸውን ውሳኔ መረዳታቸው ይበልጥ ደከመ።

በሁለቱ ጽሑፎች መካከል አሥራ ሦስት ዓመት አለ። የኋለኛው ከባዶ አልተነሣም፤ የፊተኛው ካቆመበት ነው የጀመረው። ሁለቱ በተለያዩ ጆርናሎች ተበትነው ቢሆን መገናኘታቸው አጠራጣሪ ነበር። አንድ ጆርናል አደገ የሚያሰኘኝ ይህ ነው፤ የገጹ ወይም የአንባቢው ቁጥር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የቁናው ጸብ

ገበያው ቆመ፤ ቁናውስ? በ1980ዎቹ የተለመደው ጥናት የሥራ ፈጣሪውን ጠባይ የሚያስስ ነበር። ለስኬት ይጓጓል? አደጋ ይደፍራል? ዕጣ ፈንታው በእጁ እንደሆነ ያምናል? ጥናቱ ተከመረ፤ ግኝቱ ግን እርስ በርሱ ተጋጨ። በ1988 ዊልያም ጋርትነር በ«አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ስሞል ቢዝነስ» ላይ ሥራ ፈጣሪ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው ብለው ጻፉ። አንድ ሰው ዛሬ ድርጅት ያቋቁማል፤ ነገ ተቀጥሮ ሊሠራ ይችላል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። ስለዚህ መጠናት ያለበት ሰውዬው የሚያደርገው ነገር፣ ድርጅት ከምንም ተነሥቶ ሕልውና የሚያገኝበት ሂደት ነው አሉ። በዚያው ዓመት ያው ጆርናል ስሙን ለውጦ «ኢንተርፕረነርሺፕ ቲዎሪ ኤንድ ፕራክቲስ» ሆነ። የትናንሽ ድርጅቶች ጆርናል ተብሎ የተጀመረው፣ ርእሱን ከድርጅቱ መጠን ወደ አፈጣጠሩ አዞረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዙር በ2000 መጣ። ስኮት ሼንና ሳንካራን ቬንካታራማን ዘርፉ የራሱ የሆነ ርእስ ከሌለው በሌሎች ትምህርቶች ውስጥ ተበትኖ ይቀራል በሚል ስጋት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ርእሱ ዕድል ይሁን አሉ፤ አትራፊ ዕድል ከየት ይመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ምን ያደርግበታል? ሐሳቡ ዘርፉን ለብዙ ዓመታት መራው። ጽሑፉ የወጣው ግን በዘርፉ ጆርናሎች ላይ አልነበረም፤ የአስተዳደር ምሁራን ሁሉ በሚያነቡት «አካዳሚ ኦፍ ማኔጅመንት ሪቪው» ላይ ነው። ይህን እንደ ክህደት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ልክ ነበር እላለሁ፤ የራስ ገበያ የሚከበረው በትልቁም ገበያ ወጥቶ የሚወዳደር ነገር ሲኖረው ነው። ቬንካታራማን ራሳቸው ከማክሚላን ቀጥለው የ«ጆርናል ኦፍ ቢዝነስ ቬንቸሪንግ»ን አርታኢነት ተረከቡ፤ ከእርሳቸው በኋላ ዲን ሼፐርድ፣ ከዚያም ጄፍሪ ማክሙለን ተከተሉ።

ሐሳቡ ጸቡን አላበረደውም። በ2007 «ስትራቴጂክ ኢንተርፕረነርሺፕ ጆርናል» ሲጀመር በመጀመሪያው ቅጹ ሻሮን አልቫሬዝና ጄይ ባርኒ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። ዕድል እንደ ማዕድን ከመሬት በታች ተቀምጦ የሚገኝ ነው ወይስ ሰው በሥራው የሚፈጥረው? የቡና ጠጪ ፍላጎት ካፌው ከመከፈቱ በፊት ነበረ ወይስ ካፌው አመጣው? ይህ ለፈላስፋ ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም። ዕድል ተገኚ ከሆነ ለጀማሪው የሚበጀው የገበያ ጥናት ነው፤ ተፈጣሪ ከሆነ ግን በትንሹ ጀምሮ፣ ከደንበኛው ተምሮ፣ አካሄድን ማስተካከል ነው። ሥልጠና የሚሰጥ ሁሉ አወቀውም አላወቀውም ከሁለቱ አንዱን እያስተማረ ነው።

መስፈሪያው ቁጥር ሲሆን

ጆርናሎች ሲበዙ የትኛው ይበልጣል የሚል ጥያቄ መጣ። ለዚህ የተለመደው መለኪያ ኢምፓክት ፋክተር ይባላል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት 100 ጽሑፎች አወጣ እንበል። ዘንድሮ እነዚያ ጽሑፎች በሌሎች ጥናቶች ውስጥ 800 ጊዜ ተጠቀሱ። 800 ለ100 ሲካፈል 8 ይሆናል፤ የዘንድሮው ኢምፓክት ፋክተር 8 ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ የባለሀብት ጥናቶች እንመለስ። የ1998ቱ ጽሑፍ የ1985ቱን ሲጠቅስ ለጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር የጨመረው ነገር ባዶ ነው፤ ሁለት ዓመቱ ካለፈ ቆይቷልና። ዘርፉን በእርግጥ ያሳደገው ንግግር መለኪያው ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ድርጅት ተወልዶ ዕጣው እስኪታወቅ ዓመታት በሚፈጅበት ጥናት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከቁጥሩ ሌላ ዝርዝር አለ። «ፋይናንሻል ታይምስ» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችን ደረጃ ሲያወጣ መምህራኖቻቸው በ50 የተመረጡ ጆርናሎች ላይ ምን ያህል እንዳሳተሙ ይቆጥራል። በ2016 በታደሰው ዝርዝር ውስጥ ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ የሥራ ፈጠራ ጆርናሎች ገብተዋል። ከአርባ ዓመት በፊት ዳር ለነበረ ጥናት ይህ ትልቅ ድል ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የመምህሩ ዕድገትና ደመወዝ በዝርዝሩ ላይ ከተንጠለጠለ ጥያቄውን የሚመርጠው ለሚታተምበት ቦታ ብሎ ይሆናል። ውጤት አልተገኘም የሚል ጥናት፣ የቀደመውን ደግሞ የሚፈትን ጥናት፣ መረጃ በቀላሉ ከማይገኝበት አገር የመጣ ጥናት ወደ ኋላ ይቀራል። ጆርናሎቹም ይህን አይተውታል። «ጆርናል ኦፍ ቢዝነስ ቬንቸሪንግ» በ2014 አጫጭር ጽሑፎችን የሚቀበል «ኢንሳይትስ» የተባለ እህት ጆርናል ማውጣት ጀመረ። መልካም እርምጃ ነው። ትልቁን ክብር የሚሰጠው ግን ዛሬም ዋናው ነው፤ ወጣት ተመራማሪም ይህን ያውቃል።

ከኢትዮጵያ የሄደው ጥናት

ሩቅ ወደሚመስለው ገበያ የእኛም እህል ሄዷል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ክፍል የፋብሪካ ወይም የእርሻ ሥራውን አገኘ። ሁለተኛው የጥቂት ቀናት የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከዓመት በኋላ ገንዘቡን ያገኙት ሰዎች ገቢ በሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ሥራውን ያገኙት ሰዎች ገቢ ግን ምንም ካላገኙት አልበለጠም፤ ብዙዎቹም ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ለቀቁ፤ የጤና ችግርም በዝቶባቸው ነበር።

ጥናቱ በ2018 የታተመው በኢኮኖሚክስ ጆርናል ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር፤ ሦስቱም ክፍሎች በገቢም በጤናም ተቀራርበዋል። ይህም በ2022 በልማት ኢኮኖሚክስ ጆርናል ላይ ወጣ። የሁለቱ ጽሑፎች ጥያቄ የኢኮኖሚክስ ነው፤ ገንዘብ መስጠት ይጠቅማል ወይ የሚል። የሥራ ፈጠራ አጥኚ ያንኑ መረጃ ይዞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። 300 ዶላሩን የተቀበለችው ሴት የመጀመሪያውን ሳምንት ምን አደረገች? ዕቃ ገዛች፣ ቦታ ተከራየች ወይስ ከዘመድ ጋር ተዳበለች? ያቋቋመችው ነገር የከሰመው መቼ ነው፣ በገዛ ውሳኔዋ ነው ወይስ ተገፍታ? ምንም ያልተሰጣቸውስ በአምስት ዓመት የደረሱባት በምን መንገድ ነው? ለእነዚህ መልስ የሚገኘው ሰዎቹ ዘንድ ሄዶ፣ ድርጅቱ ገና ሲወለድ ጀምሮ በመከታተል ነው። እንዲህ ያለ ክትትል እንዴት እንደሚደረግና ለምን ውድ እንደሆነ በምዕራፍ 8 እናያለን።